የታገሠ ሕመም የዳነ በሽታ አይደለም

ራሱን ያመመው፣ ወገቡን የቆረጠመው ወይም ትኩሳት የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ከመቅረቡ በፊት ወደ መድኃኒት መደብር ጎራ ይላል። አንዳንዱም ከጎረቤቱ አንድ ፍሬ ኪኒን ተቀብሎ ይውጣል። ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ ሲታገሥለት «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይሁን እንጂ መታገሥና መዳን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ልዩነቱን ለመረዳት ማስታገሻ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ማወቅ ያሻል። አንድ የሰውነት ክፍል ሲጎዳ ሕዋሳቱ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ። በእነዚህም ምክንያት የተጎዳው ቦታ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይሞቃል፤ የሕመሙም ስሜት ይበረታል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስረዱት፣ አስፕሪን ሕመምን የሚያስታግሠው የእነዚህን ንጥረ ነገሮች መመንጨት በመግታት ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ፓራሲታሞል ግን ሕመምንና ትኩሳትን ይቀንስ እንጂ እብጠትን የማጥፋት ኃይሉ አነስተኛ ነው።

ነገር ግን ፕሮስታግላንዲን ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅምም አለ። የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃል፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳያንስም ይረዳል። መድኃኒቱ ደግሞ ሕመም የሚያመጣውን ከጠቃሚው አይለይም። ስለዚህ አስፕሪንን፣ አይቡፕሮፌንን ወይም ዳይክሎፌናክን ያለ ሐኪም ምክር የሚያዘወትር ሰው ጨጓራው ሊቆስልና ሊደማ፣ ኩላሊቱም ሊታወክ ይችላል። የጨጓራ ቁስል ወይም የአስም በሽታ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴትም አስቀድመው ሐኪም መጠየቅ አለባቸው። ፓራሲታሞል ለጨጓራ የተሻለ ቢሆንም፣ ከልክ ሲያልፍ ጉበትን ክፉኛ ይጎዳል። ለጤናማ አዋቂ እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ይኸውም ከባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም።

«ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ኪኒኑ ግን ቅርብና ርካሽ ነው» የሚሉ አሉ። አባባላቸው እውነትነት አለው። ማስታገሻም በመጠኑና ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ ታላቅ እፎይታ ነው። ሆኖም በቆላ አገር ወባ የያዘውን ሕፃን ማሰብ ይበቃል። ፓራሲታሞል ሲሰጠው ትኩሳቱ ለጥቂት ሰዓታት ይበርዳል፤ እናቱም ዳነልኝ ብላ ደስ ይላታል። የወባው ተሐዋስያን ግን በደሙ ውስጥ መራባታቸውን አያቆሙም። በዚህ ዓይነት የባከነው አንድ ቀን የልጁን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። እንግዲህ ጥፋቱ የኪኒኑ ሳይሆን ኪኒኑን እንደ ፈውስ የመቁጠር ነው።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሽታውን የሚሸሽገው ግን ሕመሙን የማይናገር ሰው ብቻ አይደለም፤ ያለ ጥያቄ የተዋጠ ማስታገሻም ይሸሽገዋል። ስለሆነም ማንኛውም ሰው ሕመሙ ሲመለስበት ሁለተኛ ፍሬ ከመዋጡ በፊት የሕመሙን መንስኤ መጠየቅ ይገባዋል።