ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኹ አሰልጣኞች

ከሁሉ አስቀድሜ ልናዘዝ። ሐምሌ 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ የእንግሊዙ አሰልጣኝ ጋሬዝ ሳውዝጌት ማርከስ ራሽፎርድንና ጄደን ሳንቾን ከወንበር አስነስቶ ወደ ሜዳ ሲያስገባ እኔ አጨብጭቤያለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ባለች ጠባብ ዲኤስቲቪ ቤት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ነበር የምናየው። «ይሄ ሰውዬ ያስባል» አልኩት አጠገቤ ላለው ጓደኛዬ፤ «ፔናልቲ መቺዎቹን እያዘጋጀ ነው እኮ።» ጓደኛዬም በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ቤቱን ከሞላው ሰው መሀል «ኧረ ተው!» ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም።

ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ራሽፎርድ ቋሚውን መታ። ሳንቾ የመታውን ዶናሩማ አወጣበት። የ19 ዓመቱ ቡካዮ ሳካ የመታውንም አወጣበት። ጣሊያን ዋንጫውን ወሰደች። ይሄኔ ቤቱ በአንድ ጊዜ በአሰልጣኝ ተሞላ! «ድሮም ብዬ ነበር!» «ሰውነቱ ያልሞቀ ሰው ፔናልቲ ይመታል እንዴ?» «ልጅ እግር አምስተኛ መቺ ይደረጋል?» ከሁሉም በላይ የጮኸው ማን እንደነበር ገምቱ። አዎ፣ ያ ቅድም ያጨበጨበው ሰውዬ።

አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት እንደኔ ዓይነቱን ነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ይህ ነገር ውስጤን ሲበላኝ ኖሯል። የአሰልጣኝን ውሳኔ መተቸት መብታችን ነው፤ ኳስ የምናየው ግማሹ ለዚያ ነው። ግን የትኛው ትችት ነው እውነተኛ፣ የትኛውስ ነው ጅብ ከሄደ በኋላ የሚመጣ ጩኸት? እስቲ የዚያን ሌሊት ክሶች አንድ በአንድ እንያቸው። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ኳሱም የእነሱ ነውና ይቅር በሉኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነበር

በኮሮና ምክንያት አንድ ዓመት የዘገየው የ2020 የአውሮፓ ዋንጫ ፍፃሜ ሐምሌ 11 ቀን 2021 በዌምብሌ ተካሄደ። የእንግሊዝ ወንዶች ቡድን ከ1966 ወዲህ ለትልቅ ዋንጫ ፍፃሜ ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሉክ ሾው በሁለተኛው ደቂቃ አገባ። ሊዮናርዶ ቦኑቺ በ67ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ጭማሪው ሰላሳ ደቂቃም ያለ ጎል አለቀ። ሳውዝጌት ጆርዳን ሄንደርሰንንና ካይል ዎከርን አስወጥቶ ራሽፎርድንና ሳንቾን ያስገባው 120ኛው ደቂቃ ላይ ነው። በመለያ ምቱ ኬንና ማጓየር አገቡ፣ ሦስቱ ወጣቶች ሳቱ፣ ጣሊያን 3 ለ 2 አሸነፈች።

ክስ አንድ፦ ሰውነታቸው ያልሞቀው ልጆች

«ኳስ ያልነካ ሰው ፔናልቲ አይመታም» የሚለው ክስ ሲሰሙት አፍ ያስይዛል። መረጃውን ስናየው ግን ነገሩ ይወሳሰባል።

በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ ጣሊያን ራሷ ሲሞኔ ዛዛን በመጨረሻዋ ደቂቃ ለፔናልቲ ብላ አስገባችው። ዛዛ እንደ ዳንሰኛ በትንንሽ እርምጃ ተንደርድሮ ኳሷን ወደ ሰማይ ላካት። በ2022 የዓለም ዋንጫ የስፔኑ ፓብሎ ሳራቢያ በ118ኛው ደቂቃ ገብቶ በሞሮኮ ላይ የመታው ፔናልቲ ቋሚ መታ። እስካሁን ክሱ ያሸንፋል።

ግን በዚያው ዓለም ዋንጫ ፍፃሜ የአርጀንቲናው አሰልጣኝ ስካሎኒ ፓውሎ ዲባላን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አስገባው። ዲባላ መትቶ አገባ፣ አርጀንቲናም ዋንጫ በላች። በ2014 ደግሞ የሆላንዱ ቫን ሃል በኮስታሪካ ጨዋታ ማብቂያ ላይ በረኛውን ሲለሰንን አስወጥቶ ቲም ክሩልን አስገባ። ክሩል ሁለት ፔናልቲ አወጣና ዓለም ቫን ሃልን «ሊቅ» አለው። ያ ክሩል ሁለቱን ባያወጣ ኖሮ ቫን ሃልን ምን እንለው ነበር? «እብድ» ነዋ!

ውሳኔው አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ ሊቅ ሌላው ደደብ የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው? የኳሷ አቅጣጫ ብቻ። ራሽፎርድ ደግሞ እንዲያው በዘፈቀደ የተጠራ ልጅ አልነበረም። በ2018 እንግሊዝ ኮሎምቢያን በመለያ ምት ስታሸንፍ ከመቺዎቹ አንዱ ሆኖ አግብቷል። በ2019 ፓሪስ ላይ በባከነ ሰዓት ማንቸስተር ዩናይትድን ወደ ሩብ ፍፃሜ ያሳለፈችውን ፔናልቲ የመታውም እሱ ነው (የዩናይትድ ደጋፊዎች ይህችን ረስታችኋት ከሆነ እኔ ላፍርላችሁ)። የወጣው ሄንደርሰን ግን ኮሎምቢያ ላይ ስቷል፤ ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ከሩማኒያ ጋር በተደረገው የወዳጅነት ጨዋታም ስቷል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ከመምታቱ በፊት እናንተ ማንን ትመርጡ ነበር?

ይህን ስል አሰልጣኙን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። ልጆቹን አስር ደቂቃ ቀደም ብሎ ቢያስገባቸው ኳስ ነክተው፣ ላብ አውጥተው ይመቱ ነበር። ይህ ትክክለኛ ትችት ነው። ግን «እብደት ነበር» ለማለት አያበቃም።

ክስ ሁለት፦ የ19 ዓመቱ ልጅ

ሳካ ከዚያ ሌሊት በፊት በአዋቂ ቡድን ደረጃ ፔናልቲ መትቶ አያውቅም። የመጀመሪያው የሆነው በአውሮፓ ዋንጫ ፍፃሜ፣ በገዛ አገሩ ሜዳ፣ ካልገባ ሁሉ ነገር በሚያልቅበት አምስተኛ ምት ላይ ነው። ይህ ክስ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ኳሷ ሳትመታም ሊባል የሚችል ነበር። ሳውዝጌት መቺዎቹን የመረጠው በልምምድ ባየው መሰረት እንደሆነ ተናግሯል። ልምምድ ላይ ግን ስልሳ ሺህ ሰው ትንፋሹን ይዞ አያይህም።

የገረመኝ ግን ክሱ የወደቀበት ቦታ ነው። ሮይ ኪን በቴሌቪዥን ቀርቦ ጣቱን የቀሰረው ግሪሊሽና ስተርሊንግ ላይ ነበር፤ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እያላችሁ እንዴት ልጁ ቀድሟችሁ ይሄዳል በማለት። ብዙ ሰውም ሁለቱን «ፈሪዎች» አላቸው። በማግስቱ ግሪሊሽ ወጥቶ መምታት እፈልጋለሁ ብሎ ጠይቆ እንደነበር ተናገረ። አያችሁ? ጅብ ከሄደ በኋላ ስንጮህ ጅቡ የሄደበትን አቅጣጫ እንኳ አጣርተን አንጮህም። ያገኘነውን መንገደኛ እንነክሳለን።

ማንም ያልከሰሰው ውሳኔ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በኔ እምነት ሳውዝጌት ዋንጫውን ያጣው በ120ኛው ደቂቃ አይደለም። በ55ኛው ደቂቃ አካባቢ ነው። በዚያ ደቂቃ ምን አደረገ? ምንም። ችግሩም እሱ ነው።

ጨዋታውን መለስ ብላችሁ እዩት። ከእረፍት መልስ ኳሱ የጣሊያን ነበር። እንግሊዞች የሁለተኛው ደቂቃ ጎል ላይ እንደ ዶሮ ተኝተው ሰዓቱ እንዲያልቅ ይጠብቁ ነበር። የጣሊያኑ ማንቺኒ ገና ቡድኑ እየተመራ በ54ኛውና በ55ኛው ደቂቃ ክሪስታንቴንና ቤራርዲን አስገባ። ጎሏ የመጣችው ከዚያ አስራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ነው። ሳውዝጌት የመጀመሪያ ቅያሪውን ያደረገው 70ኛው ደቂቃ ላይ፣ ጎሉ ከገባበት በኋላ ነው። ያኔ ያስወጣው ማንን መሰላችሁ? ኪራን ትሪፒየርን፤ በ2018 ኮሎምቢያ ላይ ፔናልቲውን በሚገባ ያስቆጠረውን። ያስገባው ደግሞ ሳካን።

«ይሄስ ጅብ ከሄደ በኋላ የመጣ ጩኸት አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴ «አይደለም» ነው፤ ምክንያቱም ይህን ፊልም ከዚያ በፊት አይተነዋል። ልክ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዚያችው በሐምሌ 11 ቀን፣ በ2018 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ፣ እንግሊዝ ክሮኤሺያን በአምስተኛው ደቂቃ ቅጣት ምት መራች (መቺው ያው ትሪፒየር ነበር)። ከዚያ ወደ ኋላ ተሳበች፣ መሀል ሜዳውን ለቀቀች፣ በ68ኛው ደቂቃ ገባባት። ሳውዝጌት የመጀመሪያ ቅያሪውን በ74ኛው ደቂቃ አደረገ። በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ተሸነፈ። ቀኑ አንድ፣ ታሪኩ አንድ። ይህን ትችት ማንም ሰው በ56ኛው ደቂቃ ተነስቶ ሊለው ይችል ነበር። እኛ ቤት ግን ማንም አላለም፤ እኔም አላልኩም። እየመራን ነው ብለን ሰዓት ስንቆጥር ነበር።

በእርግጥ ሰውየውም መከራከሪያ አለው። ቡድኑ እስከ ፍፃሜው ድረስ አንድ ጎል ብቻ ነበር የገባበት። እዚያ ያደረሰውም ያው ጥንቃቄ ነው፤ ቀድሞ ቢቀይርስ ጎሉ አይገባም ነበር ብሎ የሚምል የለም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የተደረገ ውሳኔ ፎቶ አለው፤ ራሽፎርድ ቋሚውን ሲመታ ሺህ ጊዜ ይደገማል። ያልተደረገ ውሳኔ ግን ፎቶ የለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ የምንከሰው ያደረገውን እንጂ ዝም ብሎ የቆመውን አይደለም። በኳስ ብቻ ይመስላችኋል? ሞክሮ የወደቀውን የሰፈራችሁን ልጅና ምንም ሳይሞክር «ጨዋ» የተባለውን አስቧቸው።

ሒሳቡን ማን ከፈለ?

የኛ ቤት ጩኸት በሳቅ አለቀ። አንዱ ስለ ሳካ የማይደገም ነገር ተናገረ፤ ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ስልኬን ስከፍት ያ ቀልድ ብቻውን እንዳልነበረ አየሁ። ሦስቱ ጥቁር ልጆች ገና መልበሻ ክፍል ሳይደርሱ በኢንተርኔት የዘረኝነት ስድብ ይዘንብባቸው ነበር። ማንቸስተር ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሳለው የራሽፎርድ ምስል በዚያው ሌሊት ተበላሸ። ደግነቱ ሰፈርተኛው በማግስቱ ጀምሮ በፍቅር መልእክትና በልብ ቅርፅ ወረቀት ሸፈነው።

አሰልጣኝን ከመተቸትና የ19 ዓመት ልጅን ከመስደብ መሀል ያለው ርቀት እኛ ከምናስበው በጣም አጭር ነው። «ለምን እሱን መረጠ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ቢራ በኋላ «እሱ ማነውና?» ይሆናል።

ሳውዝጌት ይህን ያውቃል። በ1996፣ በ25 ዓመቱ፣ በዌምብሌ፣ በጀርመን ላይ ስድስተኛውን ፔናልቲ ስቶ አገሩን ከግማሽ ፍፃሜ ያስቀረ ሰው ነው፤ ዕድሜ ልኩን በዚያች ምት ሲነሳ ኖሯል። ስለዚህ በ2021 ሌሊት ካሜራ ፊት ቆሞ መቺዎቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ኃላፊነቱም የኔ ነው አለ። «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ሲባል ጆሯችን ለደነቆረ ለኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውሳኔውን እተቻለሁ፤ ለዚህኛው ግን ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

የቤታችን ሕግ

ከዚያ ሌሊት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ሕግ አወጣን፦ ቅያሪ ሲደረግ ያልተናገረ ሰው ጨዋታው ካለቀ በኋላ «ብዬ ነበር» አይልም። ካለ የሁሉንም ሻይ ይከፍላል። ተናግሮ የተሳሳተም ይከፍላል።

በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ እንግሊዝ ከስዊዘርላንድ ወደ መለያ ምት እያመራች ሳለ ሳውዝጌት ሃሪ ኬንን በ109ኛው ደቂቃ አስወጥቶ አይቫን ቶኒን አስገባ። በ115ኛው ደግሞ አሌክሳንደር አርኖልድን። እኔ ብድግ ብዬ «ደገመው! ካለፈው አልተማረም!» አልኩ፤ ሁሉም ሰምቶኛል። ከዚያ ሳካ ሦስተኛውን መታ፣ አገባ። ቶኒ በረኛውን ብቻ እያየ መታ፣ አገባ። አሌክሳንደር አርኖልድ የመጨረሻውን አገባ። 5 ለ 3።

ሰውየው ተምሮ ነበር፤ በአስርና በአምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ነበር ያስገባቸው። ያልተማርኩት እኔ ነኝ። በፍፃሜው በስፔን 2 ለ 1 ተሸንፎ ከሥራው ለቀቀ፤ ለዚያም ሌላ ክስ ይኖረን ይሆናል።

ያን ምሽት ግን የስድስት ሰው ሻይ ከፍያለሁ። ሳካ ሲመታ ያጨበጨብኩት ጭብጨባ ግን ዋጋውን ያወጣል።