ቀኑ ሲቀነስ ሙያ ይጨመር

ክቡር አዘጋጅ፤

ስለ ከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ያለኝን ጥቂት አሳብ በዓምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህ ሥራ በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ሌሎች 10 ከተሞችን ይዞ ሲዠመር፥ ችግረኞች መንገድ እየጠረጉና አካባቢ እያለሙ የዕለት ዋጋቸውን እንዲያገኙ አደረገ። ይህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን በመጀመሪያው ዙር የአንድ ሰው የሥራ ቀን በፊተኛው ዓመት 60፥ በሁለተኛው 40፥ በሦስተኛው 20 ብቻ ነበር። ለንግድ መነሻ የሚሆን ገንዘብና አጭር ሥልጠናም ነበረበት፤ ዳሩ ግን በአጭር ሥልጠና ባለሙያ መሆን አይቻልም። ቀኑ ሲቀነስ ሙያ ካልተጨመረ፥ የተቀነሰው እንጀራ ብቻ ነው።

በኋላ ለወጣቶች የሥራ ልምምድ መጨመሩ መልካም ነው። ልጁ ሲሠለጥን እናቱስ ስለ ምን በመጥረጊያ ትቅር? ከማስተምራቸው ልጆች መካከል እናቶቻቸው በዚህ ሥራ ያደሩ አሉ፤ ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ የደብተር መግዣ እንደ ገና የቤቱ ጭንቀት ሆነ።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከቀለሙ ጋር አናጢነት እንማር ነበር፤ እጅ የሚለምደው በመደጋገም መሆኑን በዚያ ዐውቄአለሁ። ስለዚህ በየዓመቱ የሚቀነሰው 20 ቀን በሙያ ትምህርት ቤት ይዋል፤ የዕለቱ ዋጋም አይቋረጥ። ከጦር ኃይሎች በባቡር ቢሄዱ ተግባረ ዕድ ጥቂት ጣቢያ ነው። መንገዱን የሚያርቀው ደንቡ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወገኖቼ፥ የሚመጣው ዙር ዕቅድ ከጠረጴዛችሁ ሲደርስ ይህን እንድታስቡበት አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ጦር ኃይሎች፥ አዲስ አበባ