የተማረም ሰው ፊደል ይቆጥራል



የተማረ ሰው መሃይም ይሆናል? አዎ፣ ይሆናል።

በ1970ዎቹ ዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሞስኮ ሄደዋል። ሞስኮ የሩሲያ ዋና ከተማ ነች። ተማሪው እዚያ እንደ ደረሰ ብርዱ ይቸግረዋል። ከብርዱ ይልቅ ግን የሚቸግረው ፊደሉ ነው። የሩሲያ ፊደል 33 ነው። በእንግሊዝኛ «ፒ» የሚባለው ፊደል እዚያ «ር» ተብሎ ይነበባል።

በከተማው ከመሬት ሥር የሚሄድ ባቡር አለ። ሜትሮ ይባላል። ሥራ የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። ከመሬት ሥር ፀሐይ አይታይም። ተራራም አይታይም። መንገድ የሚያሳየው ጽሑፉ ነው።

ታዲያ ተማሪው ምን ያድርግ? እንደ ሕፃን ፊደል ይቆጥራል። የሚወርድበትን ጣቢያ ስም ሰው ይጠይቃል። በአማርኛ ፊደል ጽፎ በኪሱ ይይዘዋል። «ቪኾድ» ማለት መውጫ መሆኑን ይማራል። ማንበብ ሲችል ብቻውን ወጥቶ ይገባል።

እናቶችና አባቶች! ልጆቻችሁ ቀድመዋችሁ ቢያነቡ ማፈር አይገባም። ከደባርቅ ወይም ከዳባት ወደ ጎንደር ስትወርዱ የምትሄዱበትን ሰፈር ስም ጽፋችሁ ያዙ። ፒያሳም ይሁን አዘዞ፣ ጻፉት። ታፔላውን ራሳችሁ አንብቡ። ማንም መንገድ አያሳስታችሁም።