ቀይ የተቀባው ሰፈር

ገበያ ቀለም አይለይም የሚለውን በዩኒቨርሲቲ ሳለን ደጋግመን ሰምተናል። ዋጋን የሚቆርጡት ፍላጎትና አቅርቦት ናቸው ተብለናል። የአሜሪካ የቤት ገበያ ታሪክ ግን ሌላም ዋጋ ቆራጭ እንዳለ ያሳያል፤ እርሱም አበዳሪው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን የተባለው የመንግሥት ድርጅት ከ200 በላይ የአሜሪካ ከተሞችን ሰፈሮች በካርታ ላይ በአራት ቀለም ከፋፈለ። ምርጥ የተባለው አረንጓዴ፣ አደገኛ የተባለው ቀይ ተቀባ። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ከሞላ ጎደል ቀይ ነበሩ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደርም ለባንኮች የብድር ዋስትና ሲሰጥ የነዋሪውን ዘር ይመለከት ነበር። ዋስትና ከሌለ ባንክ አያበድርም፤ ብድር ከሌለ ገዢ ይጠፋል፤ ገዢ ሲጠፋ ቤቱ ያረጃል፣ ዋጋው ይወድቃል። በመጨረሻም «ሰፈሩ አደገኛ ነው ብለን አልነበረም?» ይባላል።

አድልዎው በ1968 በሕግ ተከለከለ። ሕጉ ያላስመለሰው ግን አለ፤ ቀድሞ የገዛው አባት ለልጁ ያወረሰው ካፒታል ነው። ዛሬም ከአሥር ነጭ ቤተሰቦች ከሰባት በላይ የሚሆኑት የቤት ባለቤት ሲሆኑ፣ ከጥቁሮቹ ግን ግማሽ አይሞሉም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ባደረገው ጥናት በሀብት ደረጃ መሃል ላይ የሚገኘው ነጭ ቤተሰብ 285,000 ዶላር፣ ጥቁሩ ደግሞ 44,900 ዶላር ገደማ ሀብት ነበረው።

ያልወረሰው ሰው ርካሽ ቤት ፍለጋ ሲነሣ ደግሞ የአካባቢ ልዩነት ይጠብቀዋል። በሎስ አንጀለስ አብዛኛው የመኖሪያ መሬት ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ተከልሎ ለረጅም ዘመን ቆይቷል። በቴክሳሷ ሂዩስተን እንዲህ ያለ የዞን ሕግ የለም። በካሊፎርኒያ የቤት ዋጋ ከቴክሳስ ከእጥፍ በላይ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የሀገራችን ልጆችም ይህን ገበያ ያውቁታል። በዋሽንግተን አዳምስ ሞርጋንና ዩ ስትሪት ምግብ ቤት ከፍተው ሰፈሩን ካደመቁት መካከል ብዙዎቹ፣ ኪራይ ሲንር ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ተሻግረዋል። ከእነርሱ በፊት የነበሩት ጥቁር ተከራዮችም ተገፍተዋል። ሰፈር የሚያሳምረው ተከራዩ ነው፤ ትርፉን የሚያፍሰው ግን ካርታውን የያዘው ነው።

በእኔ እምነት አድልዎን መከልከል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። መሬት ሳይከፈት ብድር ቢለቀቅ ዋጋ ይንራል፤ ብድር ሳይዳረስ መሬት ቢከፈት ቀድሞ የነበረው ይጠቀልለዋል። ሁለቱ አብረው መሄድ አለባቸው።

ደላላም ይሁኑ ባለሀብት፣ አንድ ሰፈር «አያዋጣም» ሲባል ከሰሙ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ብድር የነፈገው ማን እንደሆነ ይጠይቁ።