ካለቀ በኋላ የሚቀጥል አልበም

ኪንግ ክሪምሰን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1969 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም፣ «ኢን ዘ ኮርት ኦፍ ዘ ክሪምሰን ኪንግ»፣ ያሉት ዘፈኖች አምስት ብቻ ናቸው፤ ርዝመቱም 44 ደቂቃ ገደማ ነው። የፕሮግሬሲቭ ሮክ ነገር ሲነሳ ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠሩት ይህንን ሸክላ ነው። በ2020 ደግሞ ባንዱ በ1969 የቀረጻቸውን ሁሉ እሰበስባለሁ የሚል ሳጥን ወጣ፤ 26 ዲስክ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ጠቤ ግን ከሳጥኑ ጋር አይደለም፤ ገንዘቡም ጊዜውም ያለው ይስማው። እኔን የሚከነክነኝ የአልበሙ የ2009 እትም ነው። ነገሩን ከመነሻው ልጀምር።

የባንዱ ልጆች በ1969 ሐምሌ ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ከሮሊንግ ስቶንስ ቀድመው ተጫወቱ። በዚያው ክረምት ዌሴክስ ስቱዲዮ ገብተው፣ ያለ ፕሮዲዩሰር፣ ስምንት ትራክ ባለው መቅረጫ አልበሙን ራሳቸው ሠሩት። እኔ የማልጠግበው ኢያን ማክዶናልድ የሚጫወተውን ሜሎትሮን ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ድምፅ የተቀዳበት የቴፕ ቁራጭ አለ። ቁልፉን ሲጫኑት ቴፑ ይሮጣል፤ ስምንት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ያልቃል፣ ድምፁም ቀጥ ይላል። ስለዚህ ተጫዋቹ ጣቱን አንስቶ እንደገና መጫን ግድ ይሆንበታል። «ኤፒታፍ» በተባለው ዘፈን ላይ ያንን ሁሉ ሐዘን የተሸከሙት ቫዮሊኖች የሚወጡት ከዚህ ትንፋሽ አጭር መሣሪያ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ጉዱ ታወቀ፤ የማስተር መቅጃው ሄድ፣ ማለትም ድምፁን ቴፑ ላይ የሚያሰፍረው ክፍል፣ ተዛንፎ ኖሯል። ቀጫጭን ድምፆች ተበልተዋል፣ ያልተፈለገ ሻካራነትም ገብቷል። በዚያ ላይ ዋናው ማስተር ቴፕ ለዓመታት ደብዛው ጠፍቶ፣ ሲዲው ከቅጂ ቅጂ ይባዛ ነበር። በ2009 ሙዚቀኛው ስቲቨን ዊልሰንና የባንዱ ጊታሪስት ሮበርት ፍሪፕ ትራኮቹ ለየብቻ ወደተቀረጹባቸው ቴፖች ተመልሰው አዲስ ሚክስ ሠሩ። እጃቸው ይባረክ። የማይክል ጋይልስ ድራም አሁን ምቱ አንድ በአንድ ይለያል። ማሽን ያበላሸውን ማረም ማንንም አያስከፋም።

«ሙንቻይልድ» ላይ ሲደርሱ ግን መቀሱን አነሱ። ይህ 12 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ግጥሙ ቶሎ ያልቅና ቀሪው ጊዜ ሁሉ ጊታር፣ ቫይብራፎንና ድራም ያለ ዕቅድ፣ ቀስ ብለው እየተጠባበቁ የሚጫወቱት ነው። ብዙ አድማጭ እዚህ ጋ ይሰለቻል፤ አልፈርድበትም። አዲሱ ሚክስ ከዚህ ክፍል ሦስት ደቂቃ ያህል ቆርጦ፣ ሙሉውን «ተጨማሪ» ብሎ ከኋላ አስቀምጦታል። ባለቤቱ ፍሪፕ ራሱ አይደለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ነው፤ ግን ብቻውን አልተጫወተውም። ሦስቱ ሰዎች በ1969 እርስ በርስ ሲደማመጡ የወሰዱት ጊዜ የሄድ መዛነፍ አይደለም፤ የሙዚቃው አካል ነው።

ሌላው ቅሬታዬ የተጨማሪዎቹ አቀማመጥ ነው። የመጨረሻው ዘፈን አበቃ ስትሉ ዝም ይላል፤ ከዚያ ኦርጋን ብቅ ይልና ባንዱ በሙሉ ይመለሳል፤ ተሰናብቶ በር ላይ ሌላ ወግ እንደሚጀምር እንግዳ። ቀጥሎ በድንገት ይቋረጣል። ይህ ታስቦበት የተበጀ መጨረሻ ነው። በዚያው ዲስክ ላይ ሌላ ቅጂ ተከትሎ ከች ሲል ጨዋታው ሁሉ ይበላሻል።

ተጨማሪዎቹ ግን መናኛ ሆነው አይደለም። ፍሪፕና ማክዶናልድ ሁለቱ ብቻቸውን፣ በጊታርና በፍሉት «አይ ቶክ ቱ ዘ ዊንድ»ን የሞከሩበት ቅጂ ዘፈኑ ገና አጥንት ብቻ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ያሰማል፤ አንዳንድ ቀን ከዋናው አስበልጠዋለሁ። ለብቻው ዲስክ ይገባው ነበር። እስከዚያው እኔ የ2009ኙን ሚክስ የምሰማው ሙሉውን «ሙንቻይልድ» ወደ ቦታው መልሼ፣ አምስተኛው ዘፈን ሲቆረጥ ማጫወቻውን አጥፍቼ ነው።