ሁለት ገመድ ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ዋጋ ግን በአንድ አፍታ ይደርሳታል። እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሲከፈት ግብይቱ በድምፅና በእጅ ምልክት ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ ኤሌክትሮኒክስ ተሸጋገረ። ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዛሬ መረብ ሲቆም ነጋዴው ዋጋም ክፍያም ያጣል።

ይህን የሚፈራ ድርጅት መሣሪያውን ድርብ ያደርጋል፤ ሁለት ስዊች፣ ሥራውን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍሉ ሁለት ሎድ ባላንሰሮችና ሁለት ሁለት ገመድ ይገዛል። ሐሳቡ አይነቀፍም፤ ጣጣው ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው።

ስዊች ለሁሉም የተላከ መልእክት ሲደርሰው በየቀዳዳው ያሰራጫል። ገመዶቹ ክብ ከሠሩ መልእክቱ ዞሮ ይመለሳል፤ እንደገና ይባዛል፤ የሚያስቆመው ዕድሜ የለውም። በሴኮንዶች ውስጥ መረቡ ይታነቃል። ለመጠባበቂያ የወጣው ገንዘብ ገበያውን ዘጋ ማለት ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ሎድ ባላንሰሩ በሁለት የተለያዩ መረቦች መካከል እንደ ራውተር ቢሠራ፣ ወይም በአንድ መስመር ብቻ ወደ ስዊቹ ቢገባ ዙር አይፈጠርም። በድልድይነት ተተክሎ ሁለቱም ጎኖቹ አንድ መረብ ላይ ከዋሉ ግን ዙሩ ተዘጋ። ሁለት ገመድ ወደ አንድ ስዊች የሚገባ ከሆነም እንደ አንድ መስመር መታሰር አለበት። ራዲያ ፐርልማን በ1985 እ.ኤ.አ. ያፈለቁት ስፓኒንግ ትሪ ትርፉን መንገድ ዘግቶ ያቆያል፤ ዋናው ሲበጠስ ይከፍተዋል።

እሱም ቢሆን ያለ ጥናት አይበቃም። በኅዳር 2002 እ.ኤ.አ. በቦስተን የሚገኘው ቤዝ ኢዝሬል ዲኮነስ ሆስፒታል መረቡ ስፓኒንግ ትሪ ከሚችለው በላይ ተንዛዝቶ ስለነበር፣ በዙር ምክንያት ለቀናት ወደ ወረቀት ተመልሷል።

ስለዚህ የነቀምቴም ሆነ የግምቢና የደምቢ ዶሎ ባለሀብት የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የመስመሩን ንድፍ በወረቀት ይጠይቅ። ገበያ በሌለበት ሰዓትም አንዱ ገመድ ዓይኑ እያየ ይነቀል፤ ተመልሶም ይሰካ። ሥራው ካልተቋረጠ ይክፈል። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።