ያ የሐምሌ ትኩሳት ምን ነበር?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 2009 በእንግሊዝ አንድ ያልተለመደ አገልግሎት ሥራ ጀመረ። ትኩሳትና ሳል የያዘው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ስልክ ይደውላል፣ አለዚያም ኢንተርኔት ላይ የተዘረዘሩ ጥያቄዎችን ይመልሳል። መልሱ ከበሽታው ምልክቶች ጋር ከገጠመ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ጤነኛ ጎረቤቱ ወይም ዘመዱ ቁጥሩን ይዞ ሄዶ ታሚፍሉ የተባለውን መድኃኒት ያመጣለታል። ሐኪም አላየውም፣ ከአፍንጫውም ከጉሮሮውም ናሙና አልተወሰደም። ያም ሆኖ ከአልጋው ሲነሳ «የአሳማ ጉንፋን ይዞኝ ተረፍኩ» ማለቱ አይቀርም።

በእርግጥ ይዞት ነበር?

በዚያ ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2001 ክረምት፣ ጥያቄውን ብዙ ቤተሰብ ጠይቆታል፤ የተረጋገጠ መልስ ያገኘው ግን ጥቂቱ ነው። የአሳማ ጉንፋን የተባለው አዲሱ ኤች1ኤን1 ቫይረስ በሚያዝያ በደቡብ ካሊፎርኒያ በሁለት ልጆች ላይ ተለየ፤ ሜክሲኮም በዚያው ሰሞን ታማሚዎቿን መቁጠር ይዛ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ጁን 11 ቀን ወረርሽኙ ዓለም አቀፍ መሆኑን አወጀ። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 16፣ አገሮች እያንዳንዱን ታማሚ እየመረመሩ መቁጠራቸውን እንዲተዉ መከረ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ብዙዎች ሲዲሲ የሚሉት፣ በዚያው ወር ቆጠራውን አቆመ። እስከዚያ የተመዘገበው ታማሚ 43 ሺሕ ገደማ ሲሆን፣ የማዕከሉ የራሱ ግምት ግን ገና በጁን መጨረሻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ሳይያዝ እንዳልቀረ ይናገር ነበር።

ቆጠራው መቆሙ ስንፍና አልነበረም። ላቦራቶሪዎች ተጨናንቀው ነበር፤ ያላቸው አቅም ሆስፒታል ለተኙት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ቫይረሱ መልኩን መለወጥ አለመለወጡን ለመከታተል መዋሉ ተገቢ ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ሳይመረመር ወደ ቤቱ የተሸኘው ሰው፣ የተነገረው ነገር ግምት መሆኑንና ግምቱም ምን ያህል እንደሚያስተማምን በቅጡ አልተረዳም።

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ሐበሻ ቤተሰብ እናስብ። ልጁ ከሰመር ካምፕ ሲመለስ ሰውነቱ እንደ እሳት ይነዳል፤ ማታውን ያስመልሰዋል። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት አያቱ ግንባሩን ዳሰስ አድርገው «ፀሐይ ላይ ሲራወጥ ውሎ ምች መታው» ይላሉ። ዳማከሴ በሜሪላንድ ከየት ይምጣ? ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይፈላል። በሁለተኛው ቀን እህቱ ማሳል ትጀምራለች፣ ቀጥሎ እናትየው ትተኛለች። ሁሉንም ሲያስታምሙ፣ ሾርባ ሲያጎርሱ፣ ላብ ሲጠርጉ የሰነበቱት አያት ግን እንኳን ሊተኙ አላስነጠሱም።

እናትየው ልጁን ክሊኒክ ስትወስደው ፈጣን ምርመራ ይደረግለትና ውጤቱ «ኔጌቲቭ» ይባላል። «እንግዲያው የአሳማ ጉንፋን አይደለም» ብላ ተመስገን ትላለች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ሲዲሲ ራሱ ለሐኪሞች ባወጣው ማሳሰቢያ መሠረት፣ ያን ጊዜ በየክሊኒኩ የነበሩት ፈጣን ምርመራዎች አዲሱ ቫይረስ ካለባቸው ሰዎች መካከል የሚያገኙት ከ10 እስከ 70 ከመቶ የሚሆኑትን ብቻ ነበር። ያ «ኔጌቲቭ» የሚለው ቃል የተጻፈበትን ወረቀት ያህል እንኳ አይመዝንም።

ይልቅ ወቅቱ ብዙ ይናገራል። የተለመደው ኢንፍሉዌንዛ በአሜሪካ በግንቦት ገደማ ይጠፋል፤ በዚያ ሐምሌና ነሐሴ ዓይነታቸው ከተለየው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች ሁሉም ማለት ይቻላል አዲሱ ነበሩ። ስለዚህ ልጁን ያመመው ኢንፍሉዌንዛ ከነበረ፣ የአሳማው ነው ማለት ይቻላል። «ከነበረ» የምትለዋ ግን ሸክሟ ከባድ ነው። በሰመር ልጆችን የሚያተኩሱ፣ የሚያስሉና የሚያስመልሱ ሌሎች ቫይረሶች ሞልተዋል። በእንግሊዝም በዚያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ታሚፍሉ ካገኙት መካከል ናሙና የሰጡት ሲመረመሩ፣ አብዛኞቹ ላይ ቫይረሱ አልተገኘም።

ተቃራኒውም እውነት ነው። በለንደንና በዌስት ሚድላንድስ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የተሰበሰበ የደም ናሙና ሲታይ፣ ከሦስት ልጆች አንዱ ያህል በቫይረሱ ተይዞ ነበር፤ ይህም በምልክት ከተገመተው በአሥር እጥፍ ይበልጣል። ይዞናል ብለው የማሉ ብዙዎች አልያዛቸውም፤ የያዛቸው ብዙዎች ደግሞ ጉንፋን መስሏቸው አለፈ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ አልታወቃቸውም።

የአያቲቱ ነገር ግን እንዲያው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዚያ ዓመት ሜይ ወር ሲዲሲ ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆኑት ሲሶ ያህሉ ቫይረሱን ከዚያ በፊት አይተውት ሳያውቁ የሚመክተው ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው ተገኝቷል። ምክንያቱ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛም ኤች1ኤን1 ነበር፤ የእሱ ዝርያዎች እስከ 1957 ድረስ በሰው መካከል ሲዘዋወሩ ቆይተዋል። በልጅነታቸው ከእነዚያ ዝርያዎች ጋር የተገናኙ ሰዎች አካል የ2009ኙን ዘመድ ሲያይ አልተደናገረም። ያ የ1918 ወረርሽኝ አዲስ አበባ ሲገባ የኅዳር በሽታ ተባለ፤ አልጋ ወራሽ የነበሩትን ራስ ተፈሪንም አሞ አስተኝቷል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ሰፈሩ በጭስ ሲታፈን የሚታጠነው የዚያ መታሰቢያ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጓ አያት ምናልባት በልጅነታቸው ያሳለፉት አንድ ጉንፋን ባለውለታቸው ይሆን ይሆናል።

ጥያቄው ወግ ማሳመሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ላይ ማብቃት ይቻል ነበር። ኦክቶበር ላይ ግን ክትባቱ መጣ። «እኛኮ በሰመር ወጥቶልናል» ያለ ቤተሰብ ጥቂት አልነበረም። የሲዲሲ ምክር ግልጽ ነበር፦ ፒሲአር በተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ያልተረጋገጠለት ሰው ይከተብ፤ አስቀድሞ ይዞት ቢሆን እንኳ ክትባቱ አይጎዳውም። ምክሩ በጽሑፍ ነበር፤ ከክሊኒክ በቃል «ቫይረስ ነው፣ ይረፍ» ተብላ የተሸኘች እናት ግን በሦስት ወር ውስጥ ግምቱን ወደ እርግጠኝነት ለውጣዋለች። በዚያው ቤት ነፍሰ ጡር እህት ካለች የዚህ ዋጋ ከፍ ይላል። በአሜሪካ ነፍሰ ጡሮች ከሕዝቡ 1 ከመቶ ያህል ሆነው ሳለ፣ በወረርሽኙ ከሞቱት 5 ከመቶ ገደማ እነሱ ነበሩ። ሲዲሲ በኋላ እንደገመተው፣ በመጀመሪያው ዓመት በአገሪቱ ወደ 61 ሚሊዮን ሰው ታሞ ከ12 ሺሕ በላይ ሞቷል፤ ከሟቾቹም 87 ከመቶ ያህሉ 65 ዓመት አልሞላቸውም። በተለመደው ኢንፍሉዌንዛ ሞቱ የሚበዛው በሽማግሌዎች ነው።

ያልተመረመረን በሽታ ስም ሰጥቶ መሸኘት እኛም ዘንድ የለመድነው ነው። በአዲስ አበባ አንድ ሳምንት ያተኮሰው ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ የመድኃኒት ማዘዣ ተሸክሞ ይወጣል፤ የታይፎይዱ ውጤት የተመሠረተበት የዊዳል ምርመራ ግን በአሳሳችነቱ የታወቀ ነው። በኮቪድ መጀመሪያ ወራትም በኒው ዮርክና በለንደን የመመርመሪያ እጥረት ስለነበር፣ ታማሚው ቤቱ እንዲቆይ ተነግሮት «ይዞኝ ነበር፣ አልያዘኝም» የሚለው ክርክር እንደገና በየቤቱ ተነሳ።

የጤና ባለሥልጣናት ሁሉንም ይመርምሩ ማለት አይደለም፤ አይችሉም፣ አያስፈልግምም። የሚጠየቁት አንድ ርካሽ ነገር ነው፦ ታማሚው ይዞት በሚወጣው ወረቀት ላይ፣ ከመድኃኒቱ ስም በላይ፣ «በምልክት የተገመተ፤ በላቦራቶሪ ያልተረጋገጠ» የሚል መስመር ይጻፍ። ከሥሩም ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ከንፈሩ ሲጠቁር፣ ትኩሳቱ ጠፍቶ ዳግመኛ ብሶ ሲመለስ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት እንዲሄድ ይነገረው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ ዛሬ ደሙን ቢሰጥ እንኳ ነገሩ አይለይም። የ2009ኙ ቫይረስ ዝርያ ከወረርሽኙ በኋላም ከተለመዱት ኢንፍሉዌንዛዎች አንዱ ሆኖ ስለቀረ፣ ክትባቱም በየዓመቱ ስለሚሰጥ፣ ደሙ ውስጥ የሚገኘው ምልክት ከዚያ ሐምሌ ይሁን ከሌላ ዓመት የሚነግር ላቦራቶሪ የለም።